የበረዶ ዝላይና የማርቆስ መርዶ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁ ማታ እናቴ አላወቀችም። እንዲህ እንዲሆን የፈለገው አባቴ ነው። «ካወቀች ታለቅሳለች፤ ካለቀሰች አንተ አትሄድም» አለኝ። እሷ ጎረቤት ሠርግ ቤት ሽንኩርት ስትከትፍ እኛ ሻንጣዬን በጓሮ አወጣን። አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ካፖርቱን አውልቆ አለበሰኝና «ስትደርስ ደውል፤ እስከዚያ እኔ አንድ ነገር እላታለሁ» አለ። ያ «አንድ ነገር» ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም። ከሞያሌ እስከ ሞዛምቢክ ያለውን መንገድ አልጽፍላችሁም፤ ያየ ያውቀዋል፣ ያላየም አይየው። ካፖርቱን ማላዊ ላይ ሰረቁኝ።

የምጽፍላችሁ ከጆበርግ ዳርቻ፣ ከአይቮሪ ፓርክ ነው። ፎቶ ላይ የምታዩት የጆበርግ ፎቅ ከዚህ አይታይም። ስፓዛ የምንለው ሱቅ የቆርቆሮ ክፍል ነው፤ ፊቱ በብረት ፍርግርግ የታጠረ፣ እኛ ውስጥ፣ ደንበኛው ውጭ። ምግቡ ፓፕ ይባላል፤ ገንፎ ነው፣ ቅቤና በርበሬ የረሳው ገንፎ። እናንተ በታኅሣሥ ውርጭ ስትንቀጠቀጡ እዚህ ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል፤ አገሬ ስትናፍቀኝ ጭንቅላቴን የለስላሳው ማቀዝቀዣ ውስጥ እከታለሁ። ኮሮና ሲመጣ ደግሞ የእጅ ማጽጃው ሽታ ዳቦው ውስጥ ሳይቀር ገባ። የምበላው ነገር ሁሉ ሆስፒታል ሆስፒታል ይለኛል።

አብሮኝ የሚሠራውና የሚያድረው ማርቆስ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ጴንጤ ነው። እኔ የነቢያትን ጾም ስይዝ እንቁላሉን አፍንጫዬ ሥር እየጠበሰ «አንተ ጾመኛ፣ ሽታውም ያስገድፋል?» ይለኛል። በስደት ያገኘሁት አንድ ወንድም ቢኖር እሱ ነው።

በፈረንጆች አዲስ ዓመት ጠዋት የሱቁ ባለቤት ጋሽ ኤርሚያስ ወደ ለስላሳ ሳጥኖቹ ኋላ ጠራኝ። እሱ ለሆሳዕና ልጆች ሁሉ እንደ ሽማግሌ ነው።

«የማርቆስ አባት ትናንት ዐርፈዋል» አለኝ፣ ማስኩን ዝቅ አድርጎ። «ቀብሩ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ነው። እሱ እንዳይሰማ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ እሑድ። የአጎቱ ልጅ እዚሁ ጆበርግ፣ ሮዘተንቪል፣ ኮሮና ይዞት ተዘግቶበታል፤ የሚወጣው ቅዳሜ ነው። የሥጋ ዘመድ በሌለበት መርዶ ይነገራል እንዴ? እሑድ ጎሕ ሲቀድ መጥተን እናረዳዋለን። እስከዚያ ስልኩን አንድ ነገር አድርግለት።»

«ጋሼ፣ ቀብሩንስ በቪዲዮ አያይም?»

«ታናሽ ወንድሙም እንደዚሁ ብሎ ደውሎልኝ ነበር። የአባት ቀብር በስልክ! እንደ ኳስ ጨዋታ!» ሊሄድ ዞረና ተመለሰ። «ግጥም ትሞክራለህ አይደል? ለእሑድ የሐዘን ነገር አዘጋጅ፤ ሆድ የሚያባባ ይሁን።»

ስልኩን ባልዲ ውኃ ውስጥ ጣልኩት። ከእጄ አመለጠኝ አልኩት። ማርቆስ ውኃውን እያራገፈ «ተወው ባክህ፣ ዕቃ አይደል? ነፍስ አልጠፋ» አለኝ። ያን ጊዜ ነበር መናገር የነበረብኝ። ቀብሩ ሊደርስ ገና አምስት ሰዓት ይቀረው ነበር፤ የእኔም ስልክ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሐሳቡ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ቴሌቪዥን ከፈትኩለት። ዲሹ ያመጣልን አውሮፓ ውስጥ ያለ አንድ ተራራ ነው። በየአዲስ ዓመቱ ሰው ከየአገሩ እየመጣ ለሳምንት ያህል ከተራራ ተራራ በበረዶ ላይ ይዘላል፤ የቆየ ልማድ ነው አሉ። ዘላዩ እግሩ ላይ ረጃጅም ጣውላ አስሮ ከረጅም ማማ ጫፍ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። አሰልጣኙ ከታች ባንዲራ ይዞ ነፋሱን ይጠብቃል። ባንዲራው ሲወርድ ልጁ አግዳሚውን ለቅቆ ይንሸራተትና አየር ላይ ይወረወራል። በወረርሽኙ ምክንያት ተመልካች የለም፤ ለባዶ ወንበር ይዘላሉ። ለኮሮና ምርመራ አፍንጫቸው ውስጥ እንጨት ገብቶ ወጣና ድንበሩን ሁሉ አለፉ፤ ለመዝለል! እኛ ደግሞ አባት ለመቅበር መንገድ የለንም።

ማርቆስ ግን ወደደው። ሳጥን ላይ ተቀምጦ እንደ ዘላዮቹ ወደ ፊት ያዘነብላል።

«እነዚህ ልጆች አባት የላቸውም?» አለኝ። «የእኔ አባት ዛፍ ላይ ሲያገኘኝ እንኳ ዱላ ይዞ ነበር የሚጠብቀኝ። ይህን ቢያይ ምን ይል ይሆን? ስልኬ ሲደርቅ እነግረዋለሁ።»

ሆሳዕና አሥር ሰዓት፣ እዚህ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቀይ የለበሰ ልጅ ከሁሉም ርቆ ዘለለ። ማርቆስ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ በተቀደደ የሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ ለአባቱ ሙሾ እጽፍ ነበር። «የፍቅር ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

እሑድ ሳይነጋ አምስት ሰዎች መጡ። ሰዓት እላፊው የሚያበቃው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ መርዶ ደግሞ ፀሐይ አይጠብቅም። ማስክ ያደረጉ አምስት ወንዶች በጨለማ የሱቅ በር ላይ ሲቆሙ ያየ ፖሊስ መኪናውን አቆመ። እኔና ማርቆስ ውስጥ በየፍራሻችን ላይ ነበርን፤ ቆርቆሮ ድምፅ አይከለክልም፣ የማርቆስ እንግሊዝኛ ደግሞ ከእኔ ይሻላል።

«ለቅሶ ነው፣ ጌታዬ» ይላል ጋሽ ኤርሚያስ።

«ማን ሞተ?»

«የልጁ አባት።»

«የት?»

«ኢትዮጵያ።»

«ኢትዮጵያ ለሞተ ሰው አይቮሪ ፓርክ ምን ትሠራላችሁ?»

«ልንነግረው ነው።»

«ስልክ የለውም?»

«በእኛ ባህል በስልክ አይነገርም።»

«መቼ ነው የሞተው?»

«ሐሙስ።»

«ዛሬ እኮ እሑድ ነው!» ፖሊሱ ጮኸ። «ሰውየው ከሞተ አራተኛ ቀኑ፤ እናንተ ሁላችሁ ታውቃላችሁ፣ ልጁ ብቻ አያውቅም? ሃዉ!»

ማርቆስ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁለት ነን።

«ያንተ ነው የእኔ?» አለኝ።

«ያንተ» አልኩት።

የአባቱን ሞት እንዲህ ሰማ። በሩ ሲከፈት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ በሀዲይኛ እየጮኸ ነበር፤ ጋሽ ኤርሚያስ ግን ያዘጋጀውን ንግግር አልተወም። «እንግዲህ ልጄ፣ የሰው ልጅ በዚህ ምድር ላይ…» ብሎ ጀመረ፤ እስከ መጨረሻውም ወረደበት። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ «ግጥሙስ?» አለኝ። ካርቶኑን ስልኩን የጣልኩበት ባልዲ ውስጥ ከትቼው ነበር።

ረፋዱ ላይ ማርቆስ ፊቱን ጠረገና «ቀብሩ መቼ ነበር?» አለ።

«ዓርብ፣ አሥር ሰዓት» አለ የአጎቱ ልጅ።

ማርቆስ ሰዓቱን በሆዱ አሰበ። ከዚያ እኔን አየኝ። «አጨበጨብኩ እኮ» አለኝ። «አንተ እያየኸኝ አጨበጨብኩ።» ከዚያ ወዲያ አላናገረኝም።

እናንተ እዚያ ያላችሁ፣ አታስደንግጡት፣ ብቻውን አይስማ የምትሉ፣ ይህን ስለ ባህል ክፋት የጻፍኩ አይምሰላችሁ። ስለ ራሴ ነው። እናቴን በጓሮ በር ሸሽቼ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ዝም ማለት ስንቄ ነበር።

ረቡዕ የገና ዋዜማ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቤት ደወልኩ።

«እማዬ፣ እንኳን አደረሰሽ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን፣ የኔ ጌታ። ጾሙን ያዝከው?»

«ይዣለሁ። አባባስ?»

«ደህና ነው። ወጣ ብሏል።»

ድምፅዋ ሻክሯል። ከኋላዋ ብዙ ሰው ይንሾካሾካል።

«ማን አለ እዚያ?»

«ለበዓሉ ሊያግዙኝ የመጡ ናቸው።»

«አባባ ሲመጣ ስልኩን ስጪው፤ እጠብቃለሁ።»

«ነገ ትደውላለህ። ነገ ይሻላል።» «አንተ ግን ብቻህን ነህ? አብሮህ ማን አለ?»

«ማርቆስ አለ።»

«እሰይ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ቆሜ ቀረሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ያላናገረኝ ማርቆስ ቴሌቪዥኑን ከፈተና አንድ ሳጥን በእግሩ ወደ እኔ ገፋ።

«ና ተቀመጥ፤ የመጨረሻው ዝላይ ሊጀምር ነው።»

«ማርቆስ፣ ጋሽ ኤርሚያስ ዛሬ የነገረህ ነገር አለ?»

ስልኬን ከእጄ ወሰደና «ባትሪው እያለቀ ነው» ብሎ ከእሱ ፍራሽ በኩል ቻርጅ ላይ ሰካው።

«እየው፣ ነፋሱ አስቸገረው» አለኝ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

ልጁ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። አሰልጣኙ ባንዲራውን ወደ ላይ እንደያዘ ነው። ባንዲራው አልወረደም።