የኮምፒውተሩ ልብስ

ባለፈው ቅዳሜ የእናቴን ዕቃ ከገርጂው ቤት ወደ አያት ኮንዶሚኒየም ስናጓጉዝ፣ ከቡፌው የታችኛው መሳቢያ ውስጥ የታጠፈ ወይን ጠጅ ከፋይ አገኘሁ። ገና ሳልዘረጋው አፍንጫዬ አወቀው። ስንት ጊዜ ታጥቦ፣ ስንት ዓመት ከናፍታሊን ጋር ተቀምጦ፣ ለእኔ ዛሬም የሚሸተኝ በረሮ በረሮ ነው። ሌላ ሰው ቢያሸተው ምንም አይለው ይሆናል። እኔ ግን ጨርቁን ጥዬ ወደ በረንዳ ወጣሁ።

ያ ጨርቅ የኮምፒውተራችን ልብስ ነበር። የዕድሜ እኩዮቼ በዚህ አትስቁም፤ የእናንተም ቤት ያው ነበር። ያኔ ልብስ የሌለው ዕቃ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ነበረው፣ ፍሪጁ ዳንቴል ነበረው፣ ስልኩ ሳይቀር የራሱ ሽፋን ነበረው። ሶፋችን ከሱቅ የመጣበትን ላስቲክ እንደለበሰ አረጀ፤ በበጋ ቁምጣ ለብሰን ተቀምጠን ስንነሳ የጭናችን ቆዳ ተላጦ የሚቀር ይመስለን ነበር። ዕቃው እንዳይቆሽሽ ነበር ያ ሁሉ። ከስሩ ምን እንዳለ ግን ገልጦ የሚያይ አልነበረም።

ኮምፒውተሩን የገዛው አባዬ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ጸጉሩ መሸበት ከጀመረ በኋላ ዲግሪውን በኤክስቴንሽን ይማር ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉን ራሴ ነኝ የምተይበው ብሎ ሌላ ሰው የተጠቀመበት ኮምፒውተር አመጣ። እኛ ሲፒዩ የምንለው ትልቁ ሳጥን ሳሎን ካለው ጠረጴዛ ስር ተቀመጠ። ከጀርባው አንዲት ቀጭን የብረት ሽፋን ወልቃ ስለነበር ሁለት ጣት የምታስገባ ክፍተት ነበረችው። ያቺን ክፍተት ከእኔ በቀር ልብ ያላት ሰው አልነበረም።

ልብሱን የሰፋችው እትዬ አስካለ ናት። ግቢያችን ውስጥ ካለው ሰርቪስ ቤት አንዱን ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልብስ ሰፊ ነበረች። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያላት በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናና አንድ የኤሌክትሪክ ካውያ ነው። መብራቷ የሚሄደው ከእኛ ቆጣሪ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከቤታችን በፊት የምገባው እሷ ጋ ነው። የቁልፍ ጣሳዋን ከመደርደሪያ ታወርድልኝና ቁልፎቹን በየቀለማቸው ስለይ እሷ መኪናዋን ትረግጣለች። ክፍሏ አዲስ ጨርቅና የጋለ ካውያ ይሸት ነበር፤ እስካሁን ከማውቃቸው ሽታዎች ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

እማዬ ስታዛት በሜትር ለክታ፣ ሁለት ቀን ሰፍታ ይዛ መጣች። ፊት ለፊት ለማብሪያው የምትሆን ክብ ቀዳዳ አውጥታ ዙሪያዋን በወርቃማ ክር ጠልፋዋለች። ከኋላ ደግሞ በሦስት ቁልፍ የሚከፈት ሰፊ መክደኛ ሠርታለታለች። «እትዬ ፀሐይ፣ ሲሠራ ይህን ይክፈቱለት» አለቻት እማዬን። «የሚግል ነገር አየር ይፈልጋል። እኔ ካውያዬን ሳይበርድ ሸፍኜው አላውቅም።» እማዬ እሺ አለች፤ ልብሱንም አለበሰችው። መክደኛውን ግን አቧራ ይገባል ብላ አንድም ቀን አልከፈተችውም።

የሚያስጠላው ደግሞ እዚህ ላይ ይመጣል፤ ምግብ ላይ ያላችሁ ተዉት። እማዬ ከረቡዕና ዓርብ በቀር በየጠዋቱ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ካልበላሁ ከቤት አታስወጣኝም ነበር። ነጩን እበላለሁ። አስኳሉ ግን፣ ያ ምላስ ላይ የሚለጠፈው፣ ዙሪያው አረንጓዴ የሆነው ዱቄት፣ አፌ ሲገባ ያጥወለውለኛል። አንድ ቀን እማዬ ወደ ጓዳ ዞር ስትል ጠረጴዛው ስር ገባሁና የልብሱን ጠርዝ ገልጬ አስኳሉን በዚያች ክፍተት ከተትኩት። ድምፅ እንኳ አላሰማም። በማግስቱም እንደዚያው አደረግሁ፤ ከዚያ በኋላማ ልማድ ሆነ። ኮምፒውተሩ ቁርሴን ይበላልኝ ጀመር፤ እሱም እንደኛው ረቡዕና ዓርብ ይጾማል።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ሳሎናችን መሽተት ጀመረ። የታፈነ፣ ሞቅ ያለ፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ የማይወጣ ሽታ ነበር። እማዬ ወለሉን በበረኪና አሸች፣ ምንጣፉን አሰጣች፣ ሽታው ግን ወይ ፍንክች። በመጨረሻ «ከሰርቪስ ቤት ነው የሚመጣው» ብላ በዚያ በኩል ያለውን መስኮት ዘጋችው። የሰርቪስ ቤቱ ሽታ የአዲስ ጨርቅ መሆኑን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

ወዲያው ደግሞ ኮምፒውተሩ በራሱ ይጠፋ ጀመር። አባዬ በሁለት ጣቱ እየለቀመ አንድ ገጽ ሊጨርስ ሲል ስክሪኑ ድርግም ይላል። ሴቭ ማድረግ ሁልጊዜ ስለሚረሳ የጻፈው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። መልሶ ሲያበራው ይነሳል፤ ሩብ ሰዓት ሠርቶ ድርግም። አሁንም ሲያበራው አምስት ደቂቃ እንኳ አይቆይም። አባዬ ስታብላይዘር ገዛ። ሶኬት ቀየረ። ሲተይብ ፍሪጁ እንዲነቀል አዘዘና ሥጋችን ተበላሸ። የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ ቫይረስ ነው ብሎ ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነው፤ እሱም ሩብ ሰዓት ሠርቶ ጠፋ። ይህ ሁሉ ሲሆን ልብሱን ገለጥ አድርገን እንይ ያለ ሰው የለም። እንግዳ በመጣ ቁጥር እማዬ ጥልፉን ታሳያለች።

በመጨረሻ አባዬ ጥፋተኛ አገኘ፤ የእትዬ አስካለ ካውያ። ካውያ ኃይል ይጎትታል፣ ኃይሉ ሲቀንስ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ስለዚህ እሱ በሚተይብበት በቅዳሜና በእሑድ ከሰዓት ካውያ እንዳትሰካ ነገራት። ደንበኞቿ ልብስ የሚወስዱት በእነዚያው ቀናት ነበር። ሳትከራከር እሺ አለች፤ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ የከሰል ካውያ ፈልጋ በር ላይ እያራገበች ትተኩስ ጀመር። ኮምፒውተሩ ግን መጥፋቱን አልተወም።

አንድ ቅዳሜ ለአራተኛ ጊዜ ሲጠፋበት አባዬ ካቻቢቴ ይዞ ተነሳ። ያን ያህል ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። «ሂድና ተመልከት» አለኝ። «ተደብቃ ሰክታ ከሆነ ንገረኝ። ካልሰካች ይህን ሣጥን ዛሬ በታትኜ ነው የማየው።»

ሮጬ ሄድኩ። እትዬ አስካለ የክርስትና ቀሚስ እየሰፋች ነበር። የኤሌክትሪክ ካውያው ገመዱ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። በመዳፌ ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነበር። «ምነው ቢኒዬ፣ ብርድ ያዘህ እንዴ?» ብላ ሳቀችና የቁልፍ ጣሳውን ልታወርድልኝ እጇን ዘረጋች። እኔ የሚታየኝ ካቻቢቴው ነው፤ ሣጥኑ ሲከፈትና እንቁላሎቼ ሲወጡ። ተመልሼ ገባሁና «ሰክታለች» አልኩ።

አባዬ እየተንደረደረ ሄደ፤ እኔም ከኋላው። እትዬ አስካለ ከመኪናዋ ተነስታ ካውያውን በሁለት እጇ አቀረበችለት። «ጋሼ፣ ይንኩት እስቲ። በእግዜር፣ ይንኩት።» አባዬ እጁን ከኪሱ አላወጣም። «የእኔ ልጅ አይዋሽም» አላት።

ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረች። ይጮህብኛል፣ ይመሰክርብኛል ያልኩት አፏ አልተከፈተም። አየችኝ ብቻ፤ ካውያውን ቦታው መለሰችና ተቀመጠች። አባዬ በወሩ መጨረሻ ክፍሉን እንድትለቅ ነገራት። የስፌት መኪናዋ በጋሪ ተጭኖ ሲወጣ መስኮት ላይ ሆኜ አየሁ፤ ወደ ላምበረት አካባቢ ሄደች ሲሉ ሰማሁ። የቁልፍ ጣሳውን በራችን ላይ ትታልኝ ነበር።

ኮምፒውተሩ እሷ በወጣች በማግስቱ ከሰዓት ጠፋ። አባዬ ያንን ካቻቢቴ እንደገና አላነሳም፤ አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካለ ጥገና ቤት ቴክኒሻን ጠራ። ሰውየው ሲፒዩውን ዳሰሰና ፈጥኖ እጁን አነሳ። «ኧረ በሕግ! ማሽን ጋቢ ይለብሳል እንዴ?» ብሎ ከፋዩን ገፈፈው። ብሎኖቹን ፈታ። የጎኑን ክዳን ሲያነሳ በመጀመሪያ የወጣው ሽታው ነው፤ በሙቀት ተጋግሮ የከረመ የእንቁላል ሽታ። ቀጥሎ ቡናማ ነገር ተንቀሳቀሰ።

በረሮ ነው። ትልቁ፣ ትንሹ፣ ገና ነጭ የሆነው ጫጩት፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ማራገቢያው በአቧራና በክንፍና በእግር ተጠቅልሎ እንደ ሱፍ ጨርቅ ደርቆ ቆሟል። አስኳሎቼ በአረንጓዴው ሰሌዳ ላይ ተጣብቀው ጠቁረዋል፤ በላያቸው ላይ ይርመሰመሳሉ። ብርሃን ሲያዩ ፈሰሱ። በኪቦርዱ ላይ፣ በአባዬ ወረቀቶች ላይ፣ በሶፋው ላስቲክ ስር። እማዬ ወንበር ላይ ወጥታ ትጮሃለች፤ አባዬ በካልሲው ይረግጣቸዋል፤ ሲረገጡ የሚያሰሙት ድምፅ ዛሬም ጥርሴን ያፋጨኛል። አንዱ በእጅጌዬ ገብቶ ብብቴ ድረስ ወጣ። ቴክኒሻኑ ግቢ ወጥቶ ተፋ።

ቴክኒሻኑ ሲመለስ ማራገቢያው ስለቆመና ልብሱ አየር ስላሳጣው በግለት እንደሚጠፋ አስረዳ። መብራቱ ምንም አላደረገውም አለ። ሁላችንም ሰማን። አባዬ ጫማውን ፍለጋ አጎነበሰ፤ ቀና ለማለት ብዙ ጊዜ ፈጀበት። እማዬ እንቁላሉን አይጥ ነው ያስገባው አለች። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገችና «ድሮስ ልብሱን የሰፋችው እሷ አይደለችም እንዴ?» አለች። እትዬ አስካለ መክደኛውን ክፈቱ ስትል ሰምቼ ነበር፤ አልተናገርኩም። ከበረሮው ይልቅ ዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ ያ ዝምታ ነው።

አባዬ ተመረቀ። ፎቶው ላይ ካባው ጭምድድ እንዳለ ነው፤ የሚተኩስለት ሰው አልነበረም። ነፍሱን ይማረውና ያችን ሴት ሳያነሳ ሞተ።

አሁን ኮምፒውተር ልብስ አይለብስም። የልጄ ኮምፒውተር ባለፈው ወር በድንገት መጥፋት ሲጀምር፣ በሕንፃችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ምድር ቤት ያለውን ብረት በያጅ ኃይል ይጎትታል ብሎ የሚከስ መልእክት ሲጎርፍ አየሁ። እኔ ግን ካቻቢቴ አነሳሁ። የዛሬው ማሽን የሙቀቱን መጠን ራሱ ይናገራል፤ የያኔው አይናገርም ነበር፤ ስለ እሱ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ዕለት ከበረንዳው ተመልሼ ጨርቁን ዘረጋሁት። ሦስቱ ቁልፎች እንደተቆለፉ ናቸው። ክሩ ደርቆ አልፈታም አለኝ፤ በግድ ከፈትኳቸው። ከመክደኛው ስር ያለው ከፋይ ፀሐይ አይቶ አያውቅም፤ ቀለሙ እንደ አዲስ ነው። ጨርቁን ይዤ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ወደምታርፈው እናቴ ሄድኩ።

«እማዬ፣ ያን ቀን ካውያው ቀዝቃዛ ነበር» አልኳት። «በእጄ ነክቼዋለሁ። እንቁላሉንም ስከት የነበርኩት እኔ ነኝ።»

እናቴ ትንሽ አየችኝና ሳቀች። «ውይ ልጄን! ይህን ሁሉ ዘመን ይህን ይዘህ ነው? ሕፃን አልነበርክ እንዴ!» ብላ ጉንጬን ዳበሰችኝ። ይቅር ለመባል አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

«እትዬ አስካለስ?» አልኳት።

ጨርቁን ከእጄ ወስዳ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈቻቸው፤ አጠፈችው።

«ቢሆንም» አለች፣ «ካውያዋ ኃይል ይጎትት ነበር።»