ሁለቱም ይካተቱ

ቃሊቲ፣ ከአንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ በላይ በተከራየናት ክፍል ሦስት ሆነን ሶፍትዌር እንሠራ ነበር። ሦስት ስል አለቃችንን ቆጥሬ ነው፤ እሱ የሚሠራው ስብሰባ ነበር። የቀበሌ አመራር ሆኖ ሲያገለግል ግምገማ ለምዶ ስለመጣ፣ ታክሲ አጥተን ብናረፍድ ግምገማ፣ መብራት ቢጠፋ ግምገማ ነበር። መብራቱን ያጠፋውን ሰው መገምገም ስለማይችል እኛን ይገመግመናል።

ሌላው ባልደረባዬ ኮሌጅ ያስተማሩኝ መምህር ነበሩ። ኮሌጁ ሲዘጋ እኛ ዘንድ ተቀጠሩና የኔ የትናንት መምህር ከኔ ጎን ጠረጴዛ ተሰጣቸው። ጠዋት ከገላን ኮንዶሚኒየም ተነስተው ሲመጡ ከወንበሬ ብድግ እላለሁ፤ እሳቸውም በየቀኑ «ተቀመጭ፣ አሁንማ እኩያ ነን» ይሉኛል። እኩያ እንዳልሆንን ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ያን ጊዜ ሥራችንን በፍላሽ ነበር የምንቀባበለው። ፍላሿ ውስጥ «የመጨረሻ» የሚል ፎልደር አለ፤ አጠገቡ «የመጨረሻ አዲሱ»፣ ከዚያ «ይኸኛው ነው»፣ ከዚያ ደግሞ «እንዳይነካ»። ሁልጊዜ ተነክቶ የምናገኘው «እንዳይነካ» የተባለውን ነበር። ቨርዥን ኮንትሮል የሚባለውን ሶፍትዌር ያመጣሁት በዚህ ተማርሬ ነው። እያንዳንዳችን የጻፍነውን አንድ ቦታ ይሰበስባል፣ ማን ምን እንደቀየረም ይመዘግባል ብዬ ለአለቃችን አስረዳሁት። «ማን ምን እንደቀየረ» የምትለዋ ላይ ስደርስ ወንበሩን አስጠግቶ ድገሚልኝ አለኝ። የቀረውን አልሰማም፤ በዚያው ተፈቀደ።

ጀማሪ የሚሳሳተውን ሁሉ አንድም ሳናስቀር ተሳሳትን። ሌላው የጻፈውን ሳናወርድ የራሳችንን እንልካለን፤ ማሽኑ፣ ሶፍትዌሩን እንዲህ ነበር የምንለው፣ አልቀበልም ይላል። መምህሬ ነገሩን የኔትወርክ ችግር ነው ብለው ስለደመደሙ ሞደሙን አጥፍተው ያበራሉ፣ ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ፤ ማሽኑ አሁንም በአቋሙ እንደጸና ነው። በየለውጡ ላይ ምን እንደቀየርን ባጭሩ መጻፍ ነበረብን። አለቃችን ግን ይህ ሪፖርት ነው ብሎ አቀራረቡን ወሰነልን፤ መዝገቡ ከላይ እስከ ታች «በተሰጠው አቅጣጫ መሠረት አስፈላጊው ማስተካከያ ተደርጓል» ብቻ ሆነ። የጠፋብንን ለመፈለግ ስንገባ ምን እንደተስተካከለ የሚያውቅ የለም። አቅጣጫ እንደነበረ ግን እርግጠኞች ነን።

ሥራው ለጭነት መኪና ባለንብረቶች ማኅበር ነበር። ሾፌሮቹ ተራቸው እንዳያልፍባቸው መጋዘን በር ላይ፣ ጋቢና ውስጥ ያድራሉ። ማኅበሩ ይህ ቀርቶ በስልክ እየተመዘገቡ ተራቸው ሲደርስ ብቻ እንዲጠሩ ፈለገ። ፕሮግራሙን ቅዳሜ በማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ልናሳያቸው ቀጠሮ ተያዘ። አለቃችን በዚያው ሳምንት አንድ ነገር ነገረን። ከቅዳሜ በኋላ ገቢያችን ለሁለት ደመወዝተኛ ስለማይበቃ አንዳችን ብቻ እንቀጥላለን። «ማን የበለጠ እንደሠራ መዝገቡ ይነግረኛል» አለ። መዝገቡን ደግሞ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እኔ ወጣት ነኝ፣ ሌላ ቦታ ተሯሩጬ እገባለሁ። በመምህሬ ዕድሜ ያለን ሰው ማን ይቀጥራል?

በዚህ መሐል፣ መኪናውን ተራ ውስጥ የሚያስገባውን የፕሮግራሙን መስመር ሁለታችንም ጽፈነው ተገኘ። መምህሬ መኪናው መጋዘኑ በር ላይ በደረሰበት ሰዓት፣ እኔ በስልክ በተመዘገበበት ሰዓት እንዲሰለፍ አድርገን። ማሽኑ ሁለቱን አንድ ቦታ ላይ ሲያገኛቸው ቆመ። የሳቸውን ከላይ፣ የኔን ከታች አድርጎ፣ መሐላቸው የእኩል ምልክት ደርድሮ፣ አንዱን ምረጡ አለን። ኮንፍሊክት የሚሉት ይህን ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የማይፈለገውን ትሰርዛለህ፣ የሚፈለገውን ታስቀራለህ፣ ትልካለህ።

ማኅበሩ የጠየቀው የኔን ነበር። ግን የመምህሬን መስመር በምን እጄ ልሰርዝ? በዚያ ላይ መስመራቸው ከጠፋ መዝገቡ ላይ ስማቸው ሊቀንስ ነው። የራሴን ሰርዤ የሳቸውን ላክሁ። እሳቸው ደግሞ እዚያው ጎኔ ተቀምጠው የራሳቸውን ሰርዘው የኔን ኖሯል ያስቀሩት። ማሽኑ እንደገና ቆመ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ለቅሶ ቤት በር ላይ «ይቅደሙ»፣ «በሞቴ ቅደሚ» እየተባባሉ ከኋላቸው ያለውን ሕዝብ ዝናብ የሚያስመቱ ሰዎች ሆንን። ስለ ነገሩ አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም። እሳቸው ለምን እንደሚያደርጉት ገብቶኛል፤ የኔም እንደገባቸው ከዓይናቸው አውቃለሁ። ይሉኝታ ምን እንደሆነ ያንን ሶፍትዌር የሠሩት ሰዎች አያውቁም። ቢያውቁ ኖሮ ሌላ ተጨማሪ ቁልፍ ያበጁልን ነበር።

ሐሙስ ዕለት አለቃችን ስክሪኔ ላይ ቀዩን የኮንፍሊክት ጽሑፍ አየና ስብሰባ ጠራ። ሦስት ሰው ሆነን ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ተሰብሳቢ ተመደበልን። እኔ የአቅም ውስንነት እንዳለብኝ ግለ ሂስ አደረግሁ። መምህሬ የአመለካከት ክፍተት እንዳለባቸው ተናገሩ፤ አለቃችን ይህ በቂ አይደለም፣ በጥልቀት ይታይ አላቸውና የክፍተቱን ስፋት እንደገና አብራሩ። ከሁለት አንዱ መመረጥ አለበት ብዬ ለማስረዳት ብሞክር፣ የአንዱን ሐሳብ ጥሎ የሌላውን ማንሳት አሳታፊ አይደለም ብሎ አቋረጠኝ። ከዚያ «ሁለቱም ይካተቱ» ብሎ ወሰነ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ድምፁም የእሱ ነበር።

የእኩል ምልክቶቹን ብቻ አጥፍቼ ሁለቱንም መስመሮች እንዳሉ ላክኋቸው። ማሽኑ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተቀበለ። እሱም የተገመገመ መሰለኝ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ መብራት ስላልነበረ ሳንሞክረው ቅዳሜ ደረሰ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ፕሮጀክተሩ ሲበራ የተራው ዝርዝር ግድግዳው ላይ ወረደ። እያንዳንዱ መኪና ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ አንዴ በኔ መስመር፣ አንዴ በመምህሬ። ባለንብረቱ ሁሉ አንገቱን አስግጎ የራሱን ታርጋ ፈለገ። አገኘው። ዝቅ ብሎ ደግሞ አገኘው፤ ፊቱ ፈካ። ጎረቤቱም ሁለት እንዳለው ለማየት ጊዜ ያጠፋ አልነበረም። ለራሱ ሁለት ተራ ተሰጥቶት ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ሊቀመንበሩ ተነስቶ ቴክኖሎጂ ይህን ያህል ፍትሐዊ መሆኑን አላውቅም ነበር አለ። ጭብጨባው አስተጋባ። አለቃችን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ቀና አለ።

መምህሬ ከተቀመጡበት ተነሱ።

«ስህተት አለው» አሉ። «ሁሉም መኪና ሁለቴ ገብቷል። ሰልፉ በእጥፍ ረዘመ እንጂ ማንም ማንንም አልቀደመም። የበሩን መስመር የጻፍሁት እኔ ነኝ። እሱ ይውጣ።» ከዚያ ኮምፒውተሩ ፊት ወደተቀመጥሁት ወደኔ ዞሩና ሰርዢው አሉኝ።

አለቃችን በዓይኑ እንዳልነካው ይለምነኛል። ጣቴን ከቁልፉ ላይ አነሳሁ። አዳራሽ ሙሉ ሰው እያየ ያስተማረኝን ሰው ልሰርዝ ነው ብዬ እንባዬ መጣ። መምህሬ ጠጋ ብለው፣ እኔ ብቻ እንድሰማው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩኝ።

«ፈተናሽን ሳርም አዝኜልሽ አውቃለሁ?»

«ኧረ አያውቁም፣ ጋሼ» አልኋቸው። እውነቴን ነው፤ ማርክ ላይ ርኅራኄ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር።

«አንቺም አትዘኝልኝ። ሰርዢው።»

ሰረዝሁት። ዝርዝሩ በግማሽ አጠረ። ሁለተኛ ተራውን የተቀማው ባለንብረት ሁሉ ቅር ብሎት አጉረመረመ፤ ሆኖም ፕሮግራሙ የጠየቁትን ስለሠራ ማኅበሩ ተረከበው። እንደ ቅድሙ ያጨበጨበ ግን አልነበረም።

ሰኞ ግምገማ ሆነ። አለቃችን የጸደቀ ውሳኔ በሕዝብ ፊት ተንዷል አለ። ከዚያ መዝገቡን ከፍቶ፣ አገልግሎት ላይ በዋለው ፕሮግራም ውስጥ የበሩ መስመር እንደሌለ፣ የመምህሬ ስምም ከኔ እንዳነሰ አሳየን። አልዋሸም፣ የለም። ፕሮግራሙ የተሸጠው እሳቸው መስመራቸውን ስላስወጡ እንደሆነ፣ ያን ባያደርጉ ሦስታችንም ባዶ እጃችንን እንመለስ እንደነበር ንዴቴን ሳልደብቅ ነገርሁት። ቃለ ጉባኤው ላይ «የግል አስተያየት ተሰጥቷል» ተብሎ ሰፈረ። መምህሬ በዚያን ቀን ግለ ሂስ አላደረጉም። መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ የክፍሏን በር ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ በርቺ ብለውኝ ወደ ገላን የሚሄደውን ታክሲ ሊይዙ ወረዱ። መስኮቱ ላይ ቆሜ ሳያቸው መንገዱ ላይ የተሰለፈው መኪና ሁሉ እንባ ያዘለው ዓይኔ ላይ ተደበላለቀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ማሽኔ ላይ ኮንፍሊክት ታይቶ አያውቅም። አለቃችን በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርቱ ላይ «በተካሄደው ጥልቅ ግምገማ ኮንፍሊክት ሙሉ በሙሉ ተወግዷል» ብሎ ጻፈ። ከኔ በቀር የሚጽፍ ሰው አልነበረም። የላክሁትን ሁሉ፣ ስህተቴንም ጭምር፣ ማሽኑ ያለ አንዳች ተቃውሞ ይቀበለኝ ነበር።