ጣልያኑ የለበሰው የአያቴ ካፖርት

በእማዬ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከነጠላዎቿና ከሹራቦቿ መሀል፣ አንድ ጥቁር የወንድ ካፖርት ተሰቅሏል። ልጆቼ ፈረንጆች ጭምብል የሚለብሱበት ሃሎዊን በመጣ ቁጥር ሊወስዱት ይሞክራሉ፤ እሷ ደግሞ «ወግዱልኝ! የአባቴ ነው!» ብላ ታባርራቸዋለች። የአባቷ መሆኑስ እውነት ነው። ግን አያቴ ካፖርቱን አንድ ቀን እንኳን አልለበሰውም። የለበሰው ጣልያን ነው።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ እኔ ገና ጥርሴን የምነቅል ልጅ ሳለሁ፣ በሰው አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ነበር የምንኖረው። ኮሪደሩ የሰው ሁሉ ምሳ ይሸታል፤ በኛ በር ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ከወዲያ ጫፍ ደግሞ ባቄላ ከነነጭ ሽንኩርቱ። ፊት ለፊታችን ሚስተር ዲኖ የሚባሉ ጣልያን ከልጃቸው ከሉቺያ ጋር ይኖሩ ነበር። ሚስታቸው ሞተውባቸዋል። ሥራቸው በየሕንጻው እየዞሩ የወለል ታይል ማንጠፍ ስለነበር፣ ጉልበታቸው ከመንበርከክ ብዛት ተጎድቶ ደረጃ ሲወጡ ያነክሱ ነበር። ሉቺያ ሃይስኩል ትማር ነበር፤ ላንድሪ ቤት ልብሱ እስኪደርቅ ድረስ ጸጉሬን ትሠራኛለች። የሳሙናው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

ለኛ ለልጆቹ ጣልያን ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ በትልልቆቹ ወሬ ውስጥ ያለው ወራሪ፣ ሌላው በቴሌቪዥን ሰው የሚገድለው ማፍያ። ሦስተኛውን የጨመሩልን ጋሽ ታደሰ ናቸው። ጋሽ ታደሰ የአባዬ ወዳጅ ናቸው፤ እዚያው አጠገባችን አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ይኖራሉ፣ እሑድ እሑድ ግን እኛ ቤት ነው የሚውሉት። በልጅነታቸው አዲስ አበባ የጣልያን ጋራዥ ውስጥ ስለሠሩ በጣልያን ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የሳቸው ነበር። «ጣልያን ሦስት ነገር አይሆንለትም» ይሉናል ጣታቸውን እያጠፉ። «ያለ እጁ አያወራም፤ ያለ ማካሮኒ አይውልም፤ ምስጢር የሚባል ነገር ሆዱ ውስጥ አያድርም።»

እኔም ፊት ለፊት ጣልያን አለልኝና አጣራ ጀመር። ሚስተር ዲኖ እጃቸው ሁልጊዜ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ከአፋቸው ቃል የሚወጣው በመከራ ነው፤ «ጉድ ሞርኒንግ» ካሉ በዛ። አንድ ቀን ሉቺያ ጋ ስገባ ደግሞ ምድጃ ላይ ቆመው በትልቅ የእንጨት ማንኪያ አንድ ነገር ያማስላሉ። ጠጋ ብዬ አየሁ፤ የበቆሎ ገንፎ! እሑድ እስኪደርስ አላስችል ብሎኝ ለጋሽ ታደሰ ስነግራቸው «ሂጂ እዚያ! ገንፎ? ማን ወልዶ?» ብለው ሳቁብኝ። ጯኺዎቹስ እኛ ነበርን። አባዬ አዲስ አበባ ኮል ሲያደርግ ድምፁ ያለ ስልክም የሚደርስ ነበር። ሚስተር ዲኖ ግን አንድም ቀን በራችንን አንኳኩተው ዝም በሉ ብለውን አያውቁም።

አንድ ማክሰኞ፣ ከአዲስ አበባ ጋሽ ታደሰ ጋ ተደወለ። አያቴ፣ የእማዬ አባት፣ አርፏል። እኛ ጋ ያልተደወለው አውቀው ነው። መርዶ በስልክ አይነገርማ! ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ሳይታሰብ ገብቶ፣ ሰውየውን ከቦ ነው የሚነግረው፤ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እንዲኖር። ነገር ግን በየሰፈሩ፣ በሎረልም በአዳምስ ሞርጋንም ያለው ያገር ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው፤ ከቅዳሜ ጠዋት በፊት የሚሰበሰብ የለም። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው ተባለ። አባዬ የስልኩን ገመድ ነቀለና «ተበላሽቷል» አላት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እንዲህ ነው፤ እማዬ እያንጎራጎረች ሽንኩርት ትከትፍ ነበር።

ችግሩ ሰዉ የት ይሰብሰብ ነው። ጎህ ሳይቀድ ያ ሁሉ ጥቁር የለበሰ ሰው ኮሪደር ላይ ቢቆም ትሰማለች፤ ፓርኪንጉ ደግሞ ከመስኮታችን ይታያል። አባዬ ጨንቆት ለሚስተር ዲኖ ነገራቸው፤ ቤታቸውን ለአንድ ጠዋት ለመናቸው። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። አባዬ ሲያየኝ ደነገጠ። ተንበርክኮ ትከሻዬን ያዘኝና «እማዬ ብቻዋን እያለች እንዳትሰማ፤ እሺ የኔ እናት?» አለኝ። እሺ አልኩት።

ጋሽ ታደሰ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። «ለጣልያን? ምስጢር ለጣልያን? በቃ፣ ጉድ ፈላ! ወይ አፉ አላስችል ብሎት ይነግራታል፣ ወይ እንደ ፈረንጅ ወግ 'አይ አም ሶሪ' ይላታል። አለቀ!» እኔም ያንን ሰምቼ ዘበኛ ሆንኩ። እማዬ ኮሪደር በወጣች ቁጥር እከተላለሁ፤ ሚስተር ዲኖ በራቸውን ሲከፍቱ ሮጬ በመሀላቸው እቆማለሁ።

ሐሙስ ዕለት እማዬ ከሥራ ስትገባ ትልቅ ከረጢት ይዛለች። እሑድ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ስላገኘች ለአባቷ ካፖርት ገዝታለች። ጥቁር፣ የሱፍ፣ ውስጡ የሚያብረቀርቅ ገበር ያለው። አልጋ ላይ ዘርግታ ብዙ ካየችው በኋላ «ይረዝምበት ይሆን?» አለችና ድንገት ፊቷ በራ። «ነይ ተርጉሚልኝ! የዲኖ ቁመት ልክ የአባቴ ነው!» ጊዜ ለማግኘት ጫማዬን የምፈልግ መሰልኩ። እሷ ግን የሚስተር ዲኖን በር አንኳክታለች።

በሩ ተከፈተ። «በያ፣ ንገሪያቸው» አለችኝ፣ «አንዴ ይልበሱልኝና ልየው።» በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው፤ እሳቸውን ሳይሆን ወለሉን እያየሁ። ሚስተር ዲኖ እኔን አዩኝ። እንደማውቅ ገባቸው። አንድ ነገር ሊሉ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ጀርባቸውን ሰጥተዋታል፤ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው እንድታለብሳቸው እየጠበቁ ነው።

እማዬ አለበሰቻቸው። ቁልፉን አንድ በአንድ ቆለፈችላቸው፤ ትከሻውን አበሰችላቸው፤ ኮሌታውን እስከ ጆሯቸው አቆመችው። «አባቴ ብርድ ይፈራል» አለች እየሳቀች፤ እኔ ያንን አልተረጎምኩትም። እሳቸው እጃቸውን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተው የኮሪደሩን መብራት ያያሉ። ጆሯቸው ቀልቷል። «ይሞቃል ወይ በያቸው» አለችኝ። «በጣም ይሞቃል» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «እንዳንቺ ያለች ልጅ ያለው ሰው የታደለ ነው» አሏት። እማዬ ደስታዋን አልቻለችውም፤ ማታውን ለአባዬ ስታወራለት፣ አባዬ ፊቴን ልታጠብ ብሎ ተነስቶ ብዙ ቆየ።

ምስጢሩ ሊያመልጥ የነበረው ዓርብ ማታ ነው፤ ያውም ከማን አፍ! እማዬ ካፖርቱን ለጋሽ ታደሰ ልታሳያቸው ስታወጣው እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «ዓይኔ ውስጥ ነገር ገባ!» ብለው ኮፍያቸውን ሳይዙ ሮጠው ወጡ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የሚስተር ዲኖ ቤት በሰው ሞልቶ ነበር። መብራት አላበሩም፣ ማንም አልተነፈሰም። ሉቺያ እያንዳንዱን እንግዳ እጁን ይዛ ወንበር ላይ ስታስቀምጥ አድራለች ማለት ይቻላል። ከዚያ አባዬ በራችንን ከፈተ። እማዬ በሌሊት ልብሷ ቆማ ነበር፤ ያንን ሁሉ ጥቁር ስታይ ማንም ሳይነግራት ገባት። ጩኸቷን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ግን ወለሉ ላይ አልወደቀችም፤ ስንት እጅ ያዛት መሰላችሁ።

ለቅሶው ሲደምቅ የሕንጻው ማኔጀር ተቆጥቶ መጣ። ሰው ተኝቷል፣ ዝም ካላላችሁ ፖሊስ እጠራለሁ አለ። አባዬ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲነሳ፣ በር አጠገብ ሱፋቸውን ለብሰው የተቀመጡት ሚስተር ዲኖ ቀድመውት ወጡ። እንዴ! እነዚያ እጆች ከኪስ ወጡ! ወደ ሰማይ ወጡ፣ ወደ ደረት ተመለሱ፣ ማኔጀሩ አፍንጫ ሥር ደረሱ። ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ጣልያንኛ ነው፤ «አባቷ ሞቶ! አባቷ!» የሚለውን ግን ሁላችንም ሰማን። ሰውዬው ወደ ኋላው እያፈገፈገ ደረጃውን ወረደ። ጋሽ ታደሰ እንባቸውን በነጠላ እየጠረጉ «አላልኳችሁም? በእጁ ነው የሚያወራው!» አሉ፤ በለቅሶው መሀል የሳቀ ብዙ ነው። ሚስተር ዲኖ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰው ተቀመጡ፤ ሦስቱንም ቀን እዚያችው ወንበር ላይ ዋሉ።

ከአርባው በኋላ እማዬ ካፖርቱን ይዛ፣ ጋሽ ታደሰንና እኔን አስከትላ የሚስተር ዲኖን በር አንኳኳች። አያቴ ልጅ ሆኖ ከጣልያን ሸሽቶ ከእናቱ ጋር ዋሻ ውስጥ የከረመ ሰው ነው፤ ይህንንም ነገረቻቸው፣ እኔው ተረጎምኩት። ሚስተር ዲኖ አንገታቸውን ደፉ። ያን ሐሙስ ለምን ዝም እንዳሉም ጠየቀቻቸው። የሳቸው እናት የሞቱ ጊዜ ወለል ላይ ተንበርክከው ታይል እያነጠፉ ነበር አሉ። አንድ ሰው ከታች ሆኖ በጩኸት ነገራቸውና ሄደ። የጀመሩትን ወለል ጨርሰው ወደ ቤት ሄዱ። «እኔን የከበበኝ አልነበረም» አሉ። ካፖርቱን ያለበሷቸው ጋሽ ታደሰ ናቸው።

ዛሬ መርዶ የምሰማው በስልኬ ነው። ግሮሰሪ ተሰልፌ፣ አለዚያም መኪና ውስጥ አረንጓዴ መብራት ስጠብቅ፣ አንድ ፎቶና የሚያለቅስ ቢጫ ፊት ይመጣል። እኔም «ነፍስ ይማር» ብዬ እልክና እነዳለሁ። ያሳፍራል፣ ግን ሁላችንም እንዲሁ ሆነናል።

ሚስተር ዲኖ በስተርጅናቸው ሮክቪል ወደምትባል ከተማ ሉቺያ ጋ ገብተው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በረዶ በጣለበት አንድ ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ በራችን ተንኳኳ። እማዬ ከፈተች። ሉቺያ ጥቁር ለብሳ ቆማለች፤ ከኋላዋ ባሏና ሁለት ጎረምሳ ልጆቿ፤ ክንዷ ላይ ካፖርቱ። እማዬ «ወይኔ ዲኖ! ወይኔ ወንድሜን!» ስትል አራቱም ያዟት።

በኋላ ሉቺያን ለብቻዋ አግኝቼ፣ በዚያ በረዶ ከምትመጪ ለምን አልደወልሽም አልኳት። እንባዋን ጠረገች። «አባቴ ነው ያዘዘኝ» አለች። «'ለሷ እንዳትደውዪ፤ በማለዳ ሂጂ፤ ብቻሽንም አትሂጂ' አለኝ።»