ከበሩ ውጭ የሥራ ሰዓት

ጉርድ ሾላ፣ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ፊት ለፊት አውቶቡስ ስጠብቅ አንዲት ሠራተኛ ሁልጊዜ አያለሁ። ሰማያዊ ጋዋኗን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ዘበኛው ጋሼ ይማም ባወጡላት በርጩማ ላይ በሩ ሥር ትቀመጣለች። ጠዋት ደወሉ ሳይደወል ትደርሳለች። ምሳዋን የምትፈታው የምሳ ደወል ሲደወል ነው፤ ወደ ቤቷ የምትሄደውም ሌሎቹ ሲወጡ።

«ነፍሰ ጡር ጓደኛዬ ቀኑን ሙሉ ቆማ ልብስ መተኮስ የለባትም» ብላ ስለተከራከረች፣ አለቃዋ የስንብት ደብዳቤ ሳይሰጣት በቃል ብቻ «ሂጂ» ብሏታል። ቤቷ ብትቀር ሥራ ጥላ ጠፋች ይሏታል። አርብ የሠራተኛ ማኅበሩ ጉዳይዋን ይሰማል።

ትናንት አለቃው በሩ ላይ ከተሰቀለው ቀይ መፈክር ሥር ሲያልፍ፣ «ደግሞ መጣሽ?» አላት።

«ሰዓቱ ደርሶ ነው፣ ጓድ።»

በምሳ ሰዓት ሴቶቹ ወጥተው ይከቧታል። እያወራች ከልብሳቸው ላይ ክር ትለቅማለች። ነፍሰ ጡሯ ስትመጣ ግን ተነስታ በርጩማውን ትለቅላታለች።

ዛሬ የተባረረችዋ ሴት ጋሼ ይማምን ስታዋራቸው ሰማሁ።

«አርብ ለምስክርነት ቢጠሩዎት ምን ይላሉ?»

«ያየሁትን ነዋ። አንድ ቀን አልቀረችም እላለሁ።»

«ከበሩ ውጭ ነበረች ቢሉዎትስ?»

ሽማግሌው በሩን ዞር ብለው አዩት።

«የዘጋሁባት እኔ ነኝ እላለኋ፣ ልጄ። ታዝዤ።»

እሷ ከካኪ እጅጌያቸው የተንጠለጠለ ክር አየችና፣ ጎንበስ ብላ በጥርሷ በጠሰችላቸው።