ጳጉሜን የሌለበት ካሌንደር

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ጣቱ ላይ ነበር። ማውሱን ከመንካቱ በፊት አመልካች ጣቱን በጋቢው ጠርዝ ይጠርጋል። ጣቱ ንጹሕ ነው፤ ግን የሰው ዕቃ የሚነካ ሰው አነካኩ ይታወቃል።

ወልደተንሣኤ ይባላል። ወለጋ ውስጥ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ያስተምር ነበር። ትምህርት ቤቱም፣ መታወቂያውን የሰጠው ቀበሌም ተቃጥለዋል። አሁን ከሚስቱና ከልጁ ጋር ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ይኖራል፤ ሌሊት ሸራውን ነፋሱ ሲያራግበው ልጅቷ እየነቃች ታለቅሳለች አለኝ። ለተፈናቃይ መምህራን ቅጥር ወጥቷል፤ ምድቡ መዘዞ ከተማ፣ ከነመኖሪያ ቤቱ። ምዝገባው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ቅጥሩን ያወጣው መሥሪያ ቤት ድረስ ቢሄድም ዘበኛው «በኢንተርኔት ብቻ» ብሎ መለሰው። እኔ በጥሩዬ ፎቶ ኮፒ ቤት ግጥም ላሳትም ተቀምጬ ሳለ የገባው እንዲህ ሆኖ ነው።

«በስልኬ እምቢ አለኝ» አላት ጥሩዬን። «የትውልድ ቀን የሚለውን ስነካው የፈረንጅ ካሌንደር ይከፈታል። ያለው አሥራ ሁለት ወር ነው። እኔ ደግሞ ጳጉሜን ሦስት ነው የተወለድሁት።»

ጥሩዬ ሳቀች። «ምነው እናትህ ሦስት ቀን ብትታገሥ፣ መምህር!»

«የሩፋኤል ዝናብ እየወረደ ማን ይታገሣል?»

ጠጋ ብዬ ስልኩን አየሁ። ከላይ በቀይ ተጽፏል፤ «የትውልድ ቀን በመታወቂያው ላይ እንዳለው ይሞላ። የማይመሳሰል ውድቅ ይሆናል።» ሌላው ተመዝጋቢ ሁሉ ጃንዋሪን መስከረም፣ ፌብሩዋሪን ጥቅምት እያደረገ አልፏል። አንድ ወር፣ ትንሽም ቢሆን ወር፣ ከነልጆቹ እንዲህ ከዓለም ሊጎድል እንደሚችል አስቤ አላውቅም።

«ቆይ» አለች ጥሩዬ። «ጥግ ያለው ኮምፒውተር ብሮውዘሩ አሮጌ ነው። ካሌንደር መክፈት አያውቅም፤ ባዶ ሳጥን ነው የሚያሳየው። የፈለግኸውን ትጽፍበታለህ።»

እውነቷን ነበር። ያው ገጽ፣ ያው ጥያቄ፤ እዚህ ግን ካሌንደር የለም። ጣቱን ጠርጎ ሦስት፣ አሥራ ሦስት፣ ከዚያም ዓመተ ምሕረቱን ጻፈ። «ላክ» የሚለውን ተጫነ። ገጹ ነጣ፤ ከዚያ «እናመሰግናለን» የሚል መጣ።

ወዲያው ለሚስቱ ደወለ። «ተልኳል! መዘዞ ነን!» እልልታዋ ከስልኩ ወጥቶ ቤቱን ሞላው። እኔም ሳላውቀው አጨበጨብሁ።

ስልኩን ሳያስቀምጥ መልእክት ገባ። አነበበው፤ ለጥሩዬ ሰጣት። ጮክ ብላ አነበበችው፤ «ቀኑ ትክክል ስላልሆነ ማመልከቻዎ አልተመዘገበም።» አሮጌው ብሮውዘር ዝም ብሎ ያሳለፈውን አሥራ ሦስተኛ ወር፣ ወዲያ ማዶ ያለው ኮምፒውተር አልተቀበለውም።

«መስከረም አንድ በለውና ላከው» አለች፣ አሁን ሳትስቅ።

«መታወቂያዬስ?»

«መታወቂያህን ታሳርማለህ።»

«ማን ያርመዋል ጥሩዬ? ቀበሌው አመድ ነው። መምህር መሆኔን እንኳ የሚናገርልኝ ይኸው ወረቀት ብቻ ነው። ሁለት የትውልድ ቀን ይዤ ብቀርብ አጭበርባሪ ይሉኛል።»

«ካልላክህስ?»

ካሌንደሩ ወደሚከፈትበት አዲስ ኮምፒውተር ተዛውሮ ተቀመጠ። ጣቱን መጥረግ ረሳ። ቀስቱን በመስከረም ፋንታ ጃንዋሪ አንድ ላይ አደረሰው፤ ሊጫን ሲል እጁን ሰበሰበ። እንደገና አደረሰው፤ እንደገና ሰበሰበ። ጥሩዬ አሥራ አንድ ሊሞላ የተቃረበውን የግድግዳ ሰዓት ታያለች፤ እኔ የእሱን ከንፈር አያለሁ፤ ይጸልይ ይሳደብ አልለየሁም። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ ተጫነ፤ «ላክ» አለው።

«ምዝገባው ተዘግቷል።»

መታወቂያውን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። ጥሩዬ ሒሳብ አልቀበልም አለች፤ እሱም አልተከራከራት። በር ድረስ ተከተልሁት።

«አንተ ቃል ታውቃለህ መሰለኝ» አለኝ፣ ግጥሜን የያዝሁበትን ወረቀት እያየ። «ሚስቴን ምን ብዬ ልንገራት?»

መልሴን እንኳ አልጠበቀም። ጋቢውን አፉ ድረስ ተከናንቦ መንገዱን ተሻገረ፤ መጠለያው በስተግራ ነው፤ እሱ በስተቀኝ ሄደ።