በሻርፔ ዘርፍ ላይ የቋጠርኩት ራስ ምታት

ማህቡላ ሠፈር ያሉት ልጆች «እማማ ሩቂያ፣ የዚያን የመኪና ተወዳዳሪ ነገር ንገሪን» ብለው ያዙኝ። ሁሉም እዚህ ዓረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው፤ ዓርብ ሲፈቀድላቸው አንድ ክፍል ይሰበሰባሉ። ጦይባ የምትሠራበት ቤት ያለ ልጅ በረሃ ላይ ከባለ አራት ጎማ ሞተር ወድቆ ራሱን ተመቷል። «ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው አሉ፤ እኔ ግን ልቤ አላመነም» አለችኝ። አለማመንሽን አትጣይው አልኳት። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። እኔ እናገራለሁ፣ ጦይባ ትጽፋለች።

የመጀመሪያው ምልክት መነጽር ነበር። ጥቁር የፀሐይ መነጽር፣ ወጥ ቤት ውስጥ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ያሳደግኩት የቤቱ ልጅ ባድር መነጽሩን እንዳደረገ ከፎቅ ወርዶ ግድግዳውን ተደገፈና «ኻላ፣ ይሄን ነገር አጥፊው» አለኝ፤ ኻላ አክስቴ ማለቱ ነው።

«የቱን?»

«የሚጮኸውን።»

የሚጮኽ ነገር አልነበረም። ፍሪጁ ነው፤ እንደ ወትሮው ቀስ ብሎ ያጉረመርማል።

ጃብሪያ ሠፈር ያለው ቤታቸው የገባሁት ባድር አምስት ዓመቱ ሳለ ነው። ከዚያ በፊት ቤሩትም ጂዳም ሠርቻለሁ፤ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም ነበር። ኮምቦልቻ የልጅ ልጆች አሉኝ፣ በስልክ ነው ያደጉብኝ። የሰው ልጅ አዝዬ አሳደግኩ፤ ምን ይደረግ። ባድር አድጎ የመኪና ተወዳዳሪ ሆነ፤ ለጨዋታ አይደለም፣ ቡድን ቀጥሮት፣ እንጀራው እሱ ሆኖ። ሰው የሚወደው በድፍረቱ ነበር። ሊያልፈው የመጣን መንገድ ይዘጋበታል። ክፍተት ካየ መኪናው ባይበቃውም ይገባል። ዲዋኒያው ውስጥ፣ ወንዶቹ እንግዳ የሚቀበሉበት ክፍል ማለቴ ነው፣ ጓደኞቹ ቪዲዮውን እየመላለሱ ያያሉ። አንዱ «ፍሬን ቀድሞ የያዘ ቀሚስ ይልበስ!» ብሎ ሲጮኽ ሻይ ይዤ ገባሁ።

«ሁላችሁም እስከ ቁርጭምጭሚታችሁ ነጭ ቀሚስ ለብሳችኋል እኮ» አልኳቸው። ባድር ሆዱን ይዞ ሳቀ። ያ ሳቁ ነው በኋላ የጠፋብኝ።

ግጭቱ የደረሰው በዋዜማው ዓርብ ነው፣ ውድድሩ ሁለት ዙር ሲቀረው። በቪዲዮው የሚታየው የፈሃድ መኪና ከኋላ ሲመታው ነው። ፈሃድ የሌላ ቡድን ነጂ ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይፎካከራሉ። ባድር ግድግዳ ገጨ። ለአፍታ ራሱን ሳተ። ሐኪም ቤት ሲቲ ስካን ተነሣ። ደም የለም። ስብራት የለም። ኮንከሽን ነው አሉ። ማዳም፣ እናቱ፣ «አንጎሉ ትንሽ ተናውጧል፣ ያልፋል» ብላ ተረጎመችልኝ። ቀጣዩ ውድድር ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው። የተወዳዳሪዎቹ ዶክተር ካልፈረመች መኪና ላይ አይወጣም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፈሃድን ነው። በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት ቴምር በካርቶን ይዞ በር ላይ ቆመ።

«ይተኛል? ያስመልሰዋል? ብርሃን ይጠላል?» አለኝ።

ይሄ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? የመታው እሱ፣ የሚጠይቀው እሱ። በሚቀጥለው ውድድር ባድር መኖር አለመኖሩን ሊሰልል ነው አልኩ በልቤ።

«ካንተ ይሻላል» አልኩትና ቴምሩን ተቀብዬ ዘጋሁበት። ምን እንዳደረገበት አላውቅም ብዬ የመንገዱ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ያ ሁሉ ሪዝቅ፣ ያ ሁሉ ሲሳይ።

እሑድ ተመልሶ መጣ። «ኻላ፣ አልገባም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ።»

«ለበሩ ንገረው» አልኩና ዘጋሁ። ዞር ስል ማዳም ደረጃው ላይ ቆማ ታየኛለች።

ሰኞ ዶክተሯ ዘንድ ሄድን። እኔ የሄድኩት ቦርሳ ልይዝ ነው። ዶክተሯ ግብፃዊት ናት፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማትወድ። ባድርን መረመረችና «መኪናው ብረት አጥር አለው። ራስህ ሄልሜት አለው። አንጎልህ ግን ራስ ቅልህ ውስጥ ቀበቶ አላሰረም። ይሄኛው ሳይድን ሁለተኛ ከተመታህ ሊያብጥ ይችላል። ካበጠ ላንደርስልህ እንችላለን» አለችው። ከዚያ ወደ ማዳም ዞራ «ክፍሉን የሚያጸዳው ማነው?» አለች።

«እናቱ እኔ ነኝ» አለች ማዳም።

«እሱን አልጠየቅኩም። ልብሱን የሚያጥበው ማነው?»

ማዳም በዓይኗ ወደ እኔ አመለከተች። ዶክተሯ ከሕፃናት ክፍል የመጣ ወረቀት ሰጠችኝ። ለእያንዳንዱ ቀን አምስት ፊት ተሥሎበታል፤ ከሚስቀው ጀምሮ እስከሚያለቅሰው። «ማንበብ አያስፈልግሽም። ማታ ማታ ያየሽው ፊት ላይ ምልክት አድርጊ። እሱ የሚልሽን አይደለም፤ ያየሽውን።»

እሷንም ጠረጠርኳት። እናት እያለች ለምን ለኔ? ነገር ቢበላሽ በኔ ሊያሳብቡ ነው።

የዚያኑ ዕለት ባድር ወረቀቱን አይቶ «ኻላ፣ የሚስቀው ላይ አድርጊ» አለኝ።

«ፊትህ አይስቅም እኮ፣ ልጄ።»

«ይሄ ውድድር ካመለጠኝ መቀመጫዬን ለሌላ ይሰጡታል። አንቺ የማን ነሽ? የኔ ወይስ የዶክተሯ?»

የሚስቀው ላይ አደረግኩ። የኔ ጥፋት ይሄ ነው፤ ልጆች፣ ልብ በሉ። የቤቱ ልጅ ካዘዘ ይታዘዛል፣ የቤት ነገር ደጅ አይወጣም፤ እኔ ያረጀሁት በዚህ ነው። በማግስቱም የሚስቀው። በሦስተኛውም።

ግን ቤቱን የምናነበው በልብስ ማጠቢያው በኩል አይደል? ፎጣ መጉደል ጀመረ። ክፍሉ ዴቶል ዴቶል ይሸታል፤ እሱ ዴቶል የት እንደሚቀመጥ እንኳ አያውቅም ነበር። የትራሱ ልብስ በላብ ረጥቦ ይወርዳል። መጥፎ ነገር ለምዶ ይሆን ብዬ ኪሱን ሁሉ ፈተሽኩ። ያገኘሁት የራስ ምታት ኪኒን ማሸጊያ ነው፣ ባዶውን። ከዚያ ሲሙሌተር የሚሉት ነገር፣ መሪና ወንበር ያለው፣ እስክሪን እያየ ልምምድ የሚነዳበት፣ ከእሱ ኋላ አንድ ባልዲ አየሁ። የጠፉት ፎጣዎች እዚያ ናቸው። ልምምዱን ይጀምራል፣ ያስመልሰዋል፣ ይጠርጋል፣ እንደገና ይቀመጣል።

ወጣት ሳለሁ የረመዳን ቀዷ፣ ያልጾምኩትን ቀን ማለት ነው፣ የምይዘው በቋጠሮ ነበር። እጄ ያንን አልረሳም። ራሱን በእጁ ሲይዝ ባየሁ ቁጥር ከሻርፔ ዘርፍ አንዱን ክር እቋጥራለሁ። ሲያስመልሰው ሁለት ክር አንድ ላይ። ወረቀቱ ላይ ፊቱ ይስቃል፤ ሻርፔ ግን እያጠረ ሄደ።

ውድድሩ አራት ቀን ሲቀረው ዶክተሯ ዘንድ ተመለስን። ባድር በአንድ እግሩ ቆመ። አልወደቀም። ቃላት ነገረችው። ሳይሳሳት ደግሞ መለሰላት። ወረቀቴን አየች። ሁሉም ይስቃል። ልትፈርም እስክሪብቶ አነሣች።



«ዶክተር፣ ቆይ» አልኩ። «ወረቀቱ ውሸት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ሻርፔን አወረድኩ። ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁት።

«ይሄ ራስ ምታት ነው። ይሄ ወፍራሙ ያስመለሰው። ይሄ የዛሬ ጠዋት ነው።»

ዶክተሯ በጣቷ አንድ በአንድ ዳሰሰችው። እስክሪብቶዋን ከደነች።

ባድር «ገደልሽኝ» አለኝ።

መኪና ውስጥ ማዳም ዞራ አላየችኝም። «ፈሃድ ነው የላከሽ?» አለች። «በሩ ላይ ስታወሩ አይቻለሁ።»

«ወላሂ አልላከኝም።»

«ሻንጣሽን አዘጋጂ።»

ቁርጡባ ሠፈር ወዳለችው እህቷ ቤት ላከችኝ። የሌላ ሰው ልብስ እያጠብኩ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባልዲውን ማን ያይለታል? በአሥራ አንደኛው ቀን ስልክ መጣ። ማዳም ናት። ድምፅዋ ተሰብሯል። «ባልዲውን አገኘሁት» አለች። «ነይ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ቀስ ያለ መንገድ ነው፤ ስነግራችሁም ቀስ ብዬ ነው። ባድር ሲሙሌተሩን በጨርቅ ሸፈነው፣ ስልኩን ለእናቱ ሰጠ፣ ዶክተሯ ባዘዘችው መሠረት መጀመሪያ እቤት ውስጥ፣ ቀጥሎ ግቢው ውስጥ፣ ኋላም ፀሐይ በረድ ሲል የዐስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ ከኔ ጋር በሠፈሩ መንገድ ዐሥር ደቂቃ፣ ሲሻለው ሃያ ደቂቃ መራመድ ጀመረ፣ ራሱን ካመመው ደግሞ በማግስቱ ወደ ቀደመው ደረጃ እንመለስ ነበር። ብዙ ቀን ሳያናግረኝ ነው የተራመድነው፤ እኔም ስለ ኮምቦልቻ ገበያ፣ ስለ ቤሩት ዝናብ፣ ስለ መጣልኝ ሁሉ እያወራሁ ጎኑ ጎኑ እሄዳለሁ። አንድ ቀን መስጊዱ አጥር ስር ጥላ ላይ አረፍ ስንል ሳልጠይቀው ተናገረ።

«ኻላ፣ ፈሃድ አልመታኝም።»

«በቪዲዮው አይቻለሁ እኮ።»

«ቪዲዮው መጨረሻውን ነው የሚያሳየው። መንገድ መዝጋት የሚፈቀደው አንዴ ነው። እኔ ሁለቴ ዘጋሁበት፤ ሁለተኛውን እሱ ፍሬን ይዞ መዞር በማይችልበት ቦታ። የሚሄድበት አላስቀረሁለትም።»

ገንዳ ውስጥ የጣልኩት ቴምር ትዝ አለኝ።

ዶክተሯ የፈረመችው ከግጭቱ በኋላ በስድስተኛው ወር ነው። መቀመጫውን እውነትም ለሌላ ሰጥተውት ነበር፤ ዓመት ጠብቆ ከሌላ ቡድን ጋር ተመለሰ። አሁን ጎኑ የመጣ ካለ አንድ መኪና የሚያሳልፍ ቦታ ይተዋል። ዲዋኒያው ውስጥ «ባድር ፈራ!» ይሉታል። «አዎ ፈራሁ፣ ሻያችሁን ጠጡ» ይላቸዋል። ሳቁ ተመልሷል።

አልሐምዱሊላህ። ዶክተሯን አላህ ዕድሜ ይስጣት። ማዳምንም አመሰግናለሁ፤ ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣም፣ አዲስ ሻርፕ ግን ገዛችልኝ። አሮጌውን አልጣልኩትም።

ጦይባ፣ ላንቺም እንዳንቺ ላሉትም የምለው ይሄ ነው። ሲቲ ስካን ንጹሕ ነው ማለት አንጎሉ ድኗል ማለት አይደለም። ደኅና ነኝ የሚልሽን ልጅ አፉን ትተሽ ትራሱን እዪ። ብርሃን ከሸሸ፣ ድምፅ ከጠላ፣ ያለ ነገር ከተቆጣ፣ ሥራዬ ብለሽ ያዢ፤ መጻፍ ባትችይ ቋጥሪ። እያደር ራስ ምታቱ ከባሰበት፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ወይም ስትቀሰቅሺው አልነቃ ካለ፣ ማዳም እስክትመጣ አትጠብቂ፤ አምቡላንስ ጥሪ። የቤት ምስጢር የሚባለው ነገር ለሐኪም ምስጢር አይሆንም።

አምና ጀምዒያ፣ የሠፈሩ ሸቀጥ መደብር ውስጥ፣ ሩዝ በጋሪ እየገፋሁ ሳለ፣ አንድ ጎልማሳ መንገዴ ላይ ቆመ።

«ኻላ፣ ዛሬም ልትዘጊብኝ ነው?» አለኝ።

ፈሃድ ነው። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ቴምሩን ገንዳ ውስጥ ስጥለው መኪናው ውስጥ ሆኖ ያየኝ እንደነበር ነገረኝ፤ ነግሮኝም ሳቀ። ከባድር በፊት እሱም ራሱን ተመትቶ ነበር። እናቱን ደኅና ነኝ አላት፣ እናቱም ዶክተሯ የሰጠቻትን ወረቀት ደኅና ነው ብላ ሞላችላት፣ ሳይድን ነዳ፤ ግራ ጆሮው ዛሬም ድረስ ይጮኽበታል። ለዚህ ነበር በር ላይ የሚጠይቀኝ። በሩን ስዘጋበት በዚያው እሑድ ለዶክተሯ ደወለላት።

«ወረቀቱን ለእናቱ አትስጪ» ብሏታል። «በር ለምትከፍተው አሮጊት ስጪያት። እሷ ቴምር እንኳ አታምንም።»

ማዳም «ፈሃድ ነው የላከሽ?» ስትለኝ ወላሂ አይደለም ብዬ ምያለሁ። ለካ እሱ ነበር የላከኝ።