የስድስት ሰዓት የእግር መንገድ

«ሜትሩን ይዘህልኝ ነበር» አለችኝ እህቴ። «አባዬ አፈር ሲለብስ አንተ እዚያ ጫካ ውስጥ የሜትሬን ጫፍ ይዘህልኝ ነበር።»

ፍራንክፈርት፣ ጉትሎይትፊርቴል የሚባለው ሰፈር ባለው በአባታችን ሳሎን ውስጥ ቆመናል። ለለቅሶ የተዋስናቸው የፕላስቲክ ወንበሮች ግድግዳው ሥር ተደራርበዋል። ይህ የሆነው ባለፈው ሚያዝያ ነው። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ጥፋቱን የማሳብብበት ሰው ስላጣሁ ነው።

አባዬ ኒደርራድ ሰፈር ቢሮ ሲያጸዳ ውሎ ሲመለስ ትራም ውስጥ ልቡ ቆመ። እናታችን ካረፈች ቆይታለች፤ የቀረነው ብሌንና እኔ ነን። ብሌን የደን ተመራማሪ ናት። ያኔ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ባለች አንዲት የእሳተ ገሞራ ደሴት፣ ተራራ ላይ በተሠራ የምርምር ጣቢያ ውስጥ ነበረች።

ልደውልላት ስል የአባዬ ወዳጅ ጋሽ ተስፉ እጄን ያዙኝ። ጫካ ውስጥ ብቻዋን ላለች ልጅ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሄደህ አምጣትና ሰው ባለበት እንነግራታለን አሉኝ። የቀብሩ ቴርሚን፣ የተሰጠን ቀጠሮ፣ ከስምንት ቀን በኋላ ቅዳሜ ነበር። ይበቃል ብዬ ተነሣሁ።

ጣቢያው ጥቂት የእንጨት ክፍሎችና አንድ የዝናብ ውሃ ታንከር ነው። ከሥሩ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ፣ ከላዩ ፀሐይ የማያሳልፍ ደን። ብሌን ስታየኝ ጮኻ አቀፈችኝ። ምን እግር ጣለህ ስትለኝ ግጥም ልጽፍ ነው አልኳት። አመነችኝ። ማንም ሳያስተምረኝ ስሞነጫጭር ከልጅነቴ ጀምሮ የምታነብልኝ እሷ ናት። ሐሙስ መኪና ሲመጣ አብረን እንሂድና ለፋሲካ አባዬን ሳንነግረው ደስ እናሰኘው አልኳት። ይህንንም አመነችኝ።

እስከዚያው ዛፍ ለካን። እያንዳንዱ ዛፍ ላይ ቁጥር ያለው የአሉሚኒየም ታርጋ ተመቷል። እኔ የሜትሩን ጫፍ እይዛለሁ፤ እሷ ግንዱን ዞራ ታነብና ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። የሞተ ዛፍ ካለ ቁጥሩ አጠገብ ትንሽ መስቀል ታደርጋለች። ታርጋውን ግን አትነቅለውም።

ረቡዕ ከባድ ዝናብ ጣለ፤ ናዳ መንገዱን ዘጋው። ለጋሽ ተስፉ ተደብቄ ደወልኩ። ቴርሚኑን ማስቀየር አልተቻለም። ብሌን ግን ምንም አልመሰላትም። ሰው ከታመመ በእግር ስድስት ሰዓት ይወረዳል፣ እኛን ምን አስቸኮለን፣ እስከ ሰኞ ይጠረጋል አለች።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አፌን ከፈትኩ። ገደል አፋፍ ላይ ብትሰማና ብትወድቅስ ብዬ መልሼ ዘጋሁት። ለራሴ ያልኩት እንደዚያ ነው። እውነቱ ግን ፈርቼ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ስነቃ ብሌን በረንዳው ላይ ስልኳን ዘርግታ የወፎቹን ድምፅ ትቀርጻለች። «አባዬ ሲሰማው ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ» አለችኝ። ያን ቀን አሥራ ሰባት ዛፍ ለካን።

ፍራንክፈርት ስንደርስ ጋሽ ተስፉና ሁለት እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሳሎን ውስጥ ጠበቁን። ብሌን ሦስት ቀን አለቀሰች እንጂ ምንም አልጠየቀችም። በአራተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ሲበተን፣ አባዬ መቼ ተቀበረ አለችኝ። ነገርኳት። ደብተሯን አውጥታ የቅዳሜውን ገጽ ከፈተች።

«በእግሬ እወርድ ነበር» አለችኝ። «ስድስት ሰዓት ነው ብዬህ ነበር እኮ።»

ላንቺው አስቤ ነው አልኳት።

«አንተም እኮ አልቀበርከውም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ቀጥላ «ግጥሙንስ ጻፍከው?» አለችኝ።

ጽፌው ነበር። አርብ ዕለት፣ ስለ ታርጋዎቹ። አቀረቀርኩ። ገባት።

ዛሬ ብሌን ወደ ደሴቷ ተመልሳለች። ስደውል ታነሣለች፤ ስለ ዝናብ እናወራለን። ጋሽ ተስፉን አልወቅሳቸውም፣ እሳቸው የሚያውቁትን ነገሩኝ። በእግር የሚወረድ መንገድ እንዳለ የሰማሁት እኔ ነኝ። ግጥሙን ቀድጄዋለሁ፤ ግን በቃሌ ስለማውቀው ቀደድኩት ማለት አይቻልም።

ያን ቀን ብሌን ደብተሯን አጠፈች፣ ጃኬቷን ለበሰች። በሩን ታላትመዋለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ሰው የተኛበት ቤት ይመስል ቀስ ብላ ዘግታው ወጣች።